ስለ እጅ ስልክ፤ የመስሚያ መሣሪያ፣ የአደጋ ጥሪና የባትሪ ጥንቃቄ

የምሠራላቸው ነጋዴ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት አልፏል። ከአሪ ደጋ የሚወርደውን ኮረሪማና ማር በጂንካ ተረክበው ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ፣ በቃላቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጆሯቸው ስለ ደከመ ከጆሮ ጀርባ በሚንጠለጠል የመስሚያ መሣሪያ ይረዳሉ። አንድ ቀን የአዲስ አበባው ደንበኛቸው በስልክ «ሠላሳ ኩንታል ይላኩልኝ» ሲላቸው እርሳቸው «ስልሳ» ሰሙ። እኔም በአጠገባቸው ተቀምጬ እርሳቸው የነገሩኝን በመዝገብ ጻፍሁ። ስልሳው ኩንታል ተጭኖ ሄደ። ደንበኛው ሠላሳውን ብቻ ተረከበ፤ የቀረው በሰው መጋዘን ሁለት ወር ተቀምጦ፣ ኪራይ ተከፍሎበት፣ በመጨረሻ ከተገዛበት ዋጋ በታች ተሸጠ። ደንበኛው አላጠፋም፤ አሠሪዬም አላጠፉም። የስሕተቱ ምንጭ ስልኩ ከመስሚያ መሣሪያው ጋር በተጠጋ ጊዜ በጆሯቸው ውስጥ የሚነሣው ጕርምርምታ ነበረ።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ በዚህ ጋዜጣ ስለ ዋጋና ስለ ጭነት፣ ስለ ግብርና ስለ ንግድ ፈቃድ እድሳት ብዙ ይጻፋል። ንግዱ ሁሉ የሚካሄድበት የእጅ ስልክ ግን እንደ ሚዛኑና እንደ መዝገቡ የንግድ መሣሪያ መሆኑ ተዘንግቶ፣ ስለ ጠባዩ የሚጽፍ አላጋጠመኝም። እኔ የነጋዴ ጸሐፊ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ሆኖም ከዚያ ኪሣራ በኋላ የሚያውቁትን ጠይቄ፣ ያገኘሁትን አንብቤ፣ በመደብራችንም ሞክሬ የተረዳሁትን፣ ስልክ ለሚያስመጡትና ለሚሸጡት፣ እንዲሁም በስልክ ለሚነግዱት ሁሉ እነሆ አቀርባለሁ።

ነገሩን ለመረዳት ከሬዲዮ መጀመር ይሻላል። በመደርደሪያው ላይ ሬዲዮ የሚያሰማ ባለሱቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የእጅ ስልክ ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጦ እንደ ሆነ ስልኩ ገና ሳይጠራ ሬዲዮው «ትርርር፣ ትር፣ ትር» ብሎ ይንጫጫል። ባለሱቁም «ሊደወል ነው» ይላል፤ አይሳሳትም። ምክንያቱ ይህ ነው። ሁለተኛው ትውልድ ወይም 2ጂ የተባለው የስልክ አሠራር ጊዜን በጥቃቅን ክፍል ሸንሽኖ ለብዙ ተናጋሪዎች የሚያድል ነው። እያንዳንዱ ስልክ ተራው ሲደርስ ብቻ ሞገዱን ይለቃል፤ ወዲያው ያቋርጣል፤ እንደ ገና ይለቃል። ይህም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 217 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ሞገዱ ራሱ በጆሮ የሚሰማ አይደለም፤ የመልቀቁና የማቋረጡ መመላለስ ግን በአቅራቢያው ባለ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ሲገባ፣ እንደ ተነካ ቀፎ ያለ ጕርምርምታ ይሆናል። የመስሚያ መሣሪያ ደግሞ ማይክሮፎንና ማጉያ ያለው እጅግ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ነው፤ ስልኩም የሚጠጋው እዚያው ጆሮው ላይ ነው። እንግዲህ ሬዲዮው በመደርደሪያ ላይ ሆኖ የሚሰማውን፣ አሠሪዬ በጆሯቸው ውስጥ ይሰሙት ነበር ማለት ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር በተለይ የሚብስበት ምክንያት አለ። የእጅ ስልክ ኃይሉን እንደ ማማው ርቀት ይለዋውጣል። ማማው ሲቀርብ በጥቂት ኃይል ይናገራል፤ ሲርቅ ወይም ተራራ ሲጋርደው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ሰው ኃይሉን ይጨምራል። የ2ጂ ስልክ በዚህ ጊዜ እስከ 2 ዋት ድረስ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በጂንካ መካከል በጥሩ ኔትወርክ የሚነጋገር ሰው ጕርምርምታው ሲቀልለት፣ ከከተማ ወጥቶ በሸለቆ ውስጥ ያለው ይበረታበታል። ሦስተኛው ትውልድ ወይም 3ጂ ሞገዱን እንደዚያ እየቈራረጠ ስለማይለቅ ጕርምርምታው እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ዘመናዊው ስልክ ራሱ ሌላ ኔትወርክ ባጣበት ስፍራ ወደ 2ጂ ይመለሳል፤ በሩቅ ወረዳ ለሚነግድ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው።

በዚህ ላይ ስልክ የሰውን ድምፅ ሙሉውን አያስተላልፍም። በተለመደው የስልክ አሠራር የሚያልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለው የድምፅ ክፍል ብቻ ነው፤ ቀጫጭኑ ይቀራል። ጆሮው በዕድሜ የደከመ ሰውም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያጣው ይህንኑ ቀጭኑን ድምፅ ነው። ሲሠልስ ደግሞ የእኛ ቋንቋ የራሱ ወጥመድ አለው። በመጽሐፍ «ስድሳ» የሚባለውን በአፍ «ስልሳ» ስንለው፣ ከ«ሠላሳ» የሚለየው በአናባቢ ብቻ ይሆናል፤ በጕርምርምታ መካከል ያንን ለይቶ መስማት ለጤነኛ ጆሮም ያስቸግራል። ከዚያ ጕዳት ወዲህ በመደብራችን ሁለት ነገር ተደንግጓል። አንደኛ፣ በስልክ ቍጥር ስንናገር «ስድሳ» እንላለን እንጂ «ስልሳ» አንልም። ሁለተኛ፣ በቃል የተስማማነውን ብዛትና ዋጋ ጭነት ሳይጀመር በአጭር መልእክት በአኃዝ ጽፈን እንልካለን፤ ደንበኛውም «ተስማምቻለሁ» ብሎ እስኪመልስ ድረስ መኪና አይጫንም። በመጀመሪያ አንዳንዶቹ «አላመናችሁኝም ወይ» ብለው ተቀይመው ነበር፤ አሁን ግን ራሳቸው ይጠይቁናል።

ይህን ችግር በሕግ ያዩት አገሮች አሉ። በአሜሪካ ስልኮች ከመስሚያ መሣሪያ ጋር እንዲስማሙ የሚያዝዝ ሕግ የወጣው በ1980 ዓ.ም. ነው። የእጅ ስልክ በዚያን ጊዜ ከግዴታው ነጻ ተደርጎ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. የአገሩ የመገናኛ ኮሚሽን ይህንን ነጻነት አጠበበው፤ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ደግሞ ለሽያጭ የሚቀርበው የእጅ ስልክ ሞዴል ሁሉ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ የሚስማማ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ ሥርዓት የተገኘውና ለነጋዴ ሊያውቀው የሚጠቅመው በካርቶኑ ወይም በመግለጫው ወረቀት ላይ የሚታተመው ምልክት ነው። «ኤም» የተባለው ፊደል ስልኩ በመስሚያው ማይክሮፎን በኩል ምን ያህል ከጕርምርምታ የነጻ እንደ ሆነ ያሳያል። «ቲ» የተባለው ደግሞ በመስሚያው ውስጥ ካለው ቴሌኮይል ከሚባል ትንሽ የሽቦ ጥቅል ጋር መስማማቱን ያሳያል። ቴሌኮይል ያለው መስሚያ ወደዚያ ሲዞር፣ በአካባቢው ያለውን ጫጫታ ትቶ ከስልኩ ድምፅ ማውጫ የሚመነጨውን የማግኔት ኃይል ብቻ ይቀበላል፤ በቅዳሜ ገበያ መካከል ቆሞ ለሚነጋገር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቍጥር ከ1 እስከ 4 ሲሆን፣ 3 እና 4 ጥሩ ናቸው። መስሚያውም የራሱ ቍጥር ሲኖረው ሁለቱ ይደመራሉ፤ ድምሩ 4 ቢሆን ያገለግላል፣ 5 ቢሆን ደኅና ነው፣ 6 ቢሆን እጅግ መልካም ነው። ይህ አቈጣጠር በቅርቡ ዓመታት በአዲስ ዓይነት ምልክት እየተተካ ነው፤ በገበያ ላይ ባሉት ብዙ ስልኮች ግን አሁንም ይገኛል።

ወደ እኛ የሚመጡት ስልኮች ግን ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ስላልሆኑ፣ ምልክቱ በካርቶናቸው ላይ ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ምልክት አለመኖሩ ስልኩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ አልተመሰከረለትም ማለት ብቻ ነው። አስመጪዎቻችን ለፋብሪካው ትእዛዝ ሲጽፉ ስለ ካሜራና ስለ ባትሪ እንደሚጠይቁት ሁሉ፣ ስለ መስሚያ መሣሪያ ስምምነትም አንድ መሥመር ቢጨምሩ ምንም አይከፈልበትም። በአገራችን የመገናኛ መሣሪያ ዓይነትን አይቶ የሚፈቅደው በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ሆነ፣ የአስመጪዎች ጥያቄ ሲበዛ ነገሩ ወደዚያ መድረሱ አይቀርም።

የችርቻሮ ሻጭስ ምን ያድርግ? እንደ እኔ አስተያየት ከምልክቱ ሁሉ የሚበልጠው ሙከራ ነው። መስሚያ ያደረገ ሰው ስልክ ሊገዛ ሲመጣ፣ ካርቶኑን ከፍቶ ካርድ አስገብቶ፣ ከመደብሩ ውጭ ሰው አቁሞ ማስደወልና ቢያንስ ሁለት ደቂቃ እንዲነጋገር መፍቀድ ያስፈልጋል። ስልኩን ከጆሮው ጕድጓድ ላይ ሳይሆን የመስሚያው ማይክሮፎን ወዳለበት ወደ ላይ ከፍ አድርጎ መያዝ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ አሠሪዬ ይህን እስኪነገራቸው ድረስ ስልኩን ወደ ጕንጫቸው ያወርዱት ነበር። በብዙ ስልኮች የማስተካከያ ገጽ ውስጥ «ተደራሽነት» በሚለው ወይም በጥሪ ማስተካከያው ሥር «የመስሚያ መሣሪያ» የሚል ይገኛል፤ እርሱን መክፈት ለቴሌኮይል የሚሄደውን ኃይል ያጐላል። ጭራሽ ለማይሰሙት ደግሞ ስልኩ ሲጠራ የሚንቀጠቀጥበትንና መብራቱ የሚበራበትን ማስተካከያ ሻጩ ራሱ ከፍቶ ቢያስረክብ መልካም ነው። «ድምፅ ማጉያውን ክፈተው» የሚለው ምክር ቀላልና እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በሱቅ ውስጥ የሚነጋገር ነጋዴ የገዛበትን ዋጋ ለተሰለፈው ገዢ ሁሉ ማሰማቱ እንደ ሆነ አይዘንጋ። አሠሪዬ በዚህ ምክንያት ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ጎረቤቶቻችንም ዋጋ ሊጨምር ነው ብለው ያወራሉ።

አሁን ወደ አደጋ ጥሪ ልለፍ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ በአዲስ አበባ የእሳትና የአደጋ መከላከያ 939 መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። በጂ.ኤስ.ኤም. ሥርዓት የተሠራ ስልክ ደግሞ 112 የአደጋ ቍጥር መሆኑን በራሱ ያውቃል፤ ቍልፉ ሳይከፈት ይደውላል፤ የራሱ ኔትወርክ ባይኖር በስፍራው ያለውን የሌላ ድርጅት ኔትወርክ ሊጠቀም ይሞክራል። በመስተዋቱ ላይ «የአደጋ ጥሪ ብቻ» የሚል ቃል ሲታይም ትርጕሙ ይኸው ነው፤ ማማ አለ፣ ያንተን ካርድ ግን አልተቀበለም። ምንም ማማ በሌለበት ግን 112ም ቢሆን አይሠራም፤ ይህን በጥብቅ መያዝ ያስፈልጋል። ከወዲያ በኩል ማን እንደሚያነሣውም እንደየአገሩና እንደየስፍራው አደረጃጀት ስለ ሆነ፣ በእርሱ ብቻ ተማምኖ መንገድ መውጣት አይገባም።

በደቡብ ኦሞ በእውነት ደርሶ ሰውን የሚያነሣው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ነው። ስለዚህ የአምቡላንሱ ሾፌር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ቍጥሮች በስልክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ተጽፈው በመደብሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ፤ ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ባትሪው ያልቃል፤ ወረቀቱ ግን ይቈያል። እነዚህ ቍጥሮች እንደ ማንኛውም ጥሪ ሒሳብ ይጠይቃሉ። ለመኪና ረዳቱ የጕዞ አበል የሚሰጥ ነጋዴ ጥቂት የስልክ ሒሳብ አብሮ ቢሞላለት፣ በችግር ጊዜ «መልሰህ ደውልልኝ» የሚል መልእክት ልኮ ከመጠባበቅ ያድነዋል።

የሚደውለው ሰው ምን እንደሚልም አስቀድሞ ቢለማመድ ይጠቅማል። እኔ በአንድ ወቅት ከጭነት መኪና ረዳት የደረሰኝ ጥሪ «ተገልብጠናል፣ ቶሎ ድረሱ» ብሎ ተቋረጠ። ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ በሚወርደው መንገድ ይሁን ወይስ ወደ ዲመካና ቱርሚ በሚወስደው አላወቅንም፤ ሁለቱ መንገዶች ከቀይ አፈር ተለያይተው የሚሄዱ ስለ ሆኑ ሰው በሁለቱም ላክን፤ ጊዜውም በከንቱ አለፈ። የሾፌሩ ስልክ በእጁ ነበረ፤ ነገር ግን ሾፌሩ ራሱን ስቶ ስለ ነበረ ረዳቱ ቍልፉን መክፈት አልቻለም፤ የራሱ ስልክ ደግሞ ባትሪው አልቆ ነበር። ሁለቱም በሕይወት ተርፈዋል፤ የሾፌሩ እግር ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። እንግዲህ በመጀመሪያ የሚነገረው ስፍራው ነው፤ መንገዱ፣ ቀበሌው፣ መጨረሻ ያለፉት ከተማ ወይም ድልድይ፣ ከዚያም የተጐዳው ሰው ብዛት፣ ከዚያም ምን እንደ ደረሰ። ጥሪው ቢቋረጥ እንኳ ስፍራው ተነግሯል። የንግግር ጥሪ አልገባ ባለበት ስፍራ አጭር መልእክት ሊያልፍ ስለሚችል ያንኑ ጽፎ መላክ ይገባል፤ ወደ ከፍታ ወጥቶ መሞከርም እንዲሁ። የሾፌሮች ስልክ ሳይከፈት የሚታይ የቤተሰብና የአሠሪ ቍጥር እንዲኖረው በማስተካከያው ውስጥ መሙላት ይቻላል፤ እኛ በዚያው ሳምንት ለሁሉም ሞላንላቸው።

ጆሮው የማይሰማ ሰው በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ የአደጋ ቍጥሮቹ የሚያስተናግዱት በድምፅ ነውና። ቤተሰቡና ጎረቤቱ አስቀድመው የተስማሙበት አጭር መልእክት፣ ለምሳሌ ስፍራውንና «እርዳታ» የሚለውን ቃል ብቻ የያዘ፣ በስልኩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥለት በአንድ መጫን ይልካል።

በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። በዚያን ጊዜ የእጅ ስልክ እንደ ዛሬው አልተዳረሰም ነበር። ጐርፍ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ስለ ሆነ፣ በላይኛው አገር ያለ ሰው የሚደውላት አንዲት ጥሪ ለታችኛው ሰው ከብቱንና ልጆቹን የሚያወጣበት ጊዜ ትሰጠዋለች። ወደ ኦሞራቴ ዕቃ የሚልኩ ነጋዴዎች በክረምት የወንዙን ሁኔታ ከላይ ለታች ቢነጋገሩ፣ ዕቃቸውንም ያድኑበታል።

ስልክ ራሱ ሰውን ይጐዳል ወይ የሚለው ጥያቄ በየሱቁ ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በግንቦት 2003 ዓ.ም. የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ተራ መድቦታል። ድርጅቱ ያስጠናውና በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የታተመው ሰፊ ምርመራ ግን በእጅ ስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ለጥንቃቄ ከተባለ፣ ከላይ እንደ ተገለጸው ስልክ ብዙ ሞገድ የሚለቀው ኔትወርክ በደከመበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ ረጅሙን ወሬ ጥሩ ኔትወርክ እስኪገኝ ማቈየት ይቻላል። በልብ ላይ የሚተከል የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ስልኩን ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ያርቅ፤ በደረት ኪስ አይያዝ። እየነዱ መነጋገር በትራፊክ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ሞተር ብስክሌት እየነዳ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል የሚይዘውን ሰው በየቀኑ ስለምናይ መጻፉ አይከፋም።

ከሞገዱ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ባትሪው ነው። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ የሚሞላውም ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲሆን ነው የሚሠራው። በቱርሚና በኦሞራቴ ቀትር ላይ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተተወ ስልክ ከዚህ በላይ ይግላል። ስመ ጥሩው የሳምሰንግ ኩባንያ እንኳ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ በባትሪው መቃጠል ምክንያት ከዓለም ገበያ ሁሉ ለመሰብሰብ ተገዷል፤ ስሙ የማይታወቅ ባትሪ የሚሸጥ ሰው ይህን ያስብ። ያበጠ ባትሪ መጠገን የለውም፤ መበሳት፣ መጫንና ከእሳት መጣል እጅግ አደገኛ ነው። በገበያ ቀን ኤሌክትሪክ ለሌላቸው ሰዎች ስልክ የሚሞሉ ሱቆች ብዙ ናቸው፤ ጠቃሚ ሥራ ነው። ነገር ግን ሠላሳ ስልክ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ፣ ማከፋፈያውን በጨርቅ ክምር ላይ አስቀምጦ ምሳ መሄድ ሱቁን በገዛ እጅ ለእሳት መስጠት ነው።

አንድ ሌላ ባትሪ ይቀረኛል፤ እርሱም የመስሚያ መሣሪያው ነው። ለአሠሪዬ የምንገዛው ከአዲስ አበባ በሾፌር እጅ ነው፤ ሾፌሩ በዘገየ ጊዜ እርሳቸው ስልክ አያነሡም፣ እኔም ለደንበኞች ሰበብ እፈጥራለሁ። ይህ ባትሪ ዚንክ አየር የሚባል ሲሆን በአራት መጠን ይገኛል፤ መለያውም በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ቀለም ነው። 10 ቍጥር ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። ገዢው የቀለሙን ስም ከነገረ ሻጩ አይሳሳትም። ወረቀቱ ሲላጥ አየር ገብቶ ሥራ ይጀምራል፤ እንደ ገና ቢለጠፍም አይተኛም። ስለዚህ «ልየው» ለሚል ሰው ወረቀቱን ልጦ ማሳየት ዕቃውን ማበላሸት ነው፤ በሱቅ ውስጥ ታሽጎ፣ ከፀሐይ ርቆ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ትንሽና የሚያብረቀርቅ ስለ ሆነ ግን ከረሜላ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ይራቅ። ሕፃን ልጅ ማንኛውንም ክብ የአዝራር ባትሪ ቢውጥ ጕሮሮውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥለው ይችላልና፣ «ይወጣለታል» ተብሎ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።